17 ዕቃ ካለው የጀማሪ ሎክ ፒኪንግ ኪት 3ቱን ብቻ የተጠቀምኩበት ሪቪው

እሺ መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ አማርኛችን መቆለፊያውንም መክፈቻውንም ቁልፍ ነው የሚለው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቆጠር። ስለዚህ "ቁልፉን ያለ ቁልፍ ከፈትኩት" ስል ግራ እንዳትጋቡ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ጓጉንቸር እለዋለሁ፣ በር ላይ ያለውን ሎክ፣ ቁልፍ ስል ደሞ ኪስ ውስጥ የምትያዘዋን ማለቴ ነው።

የገዛሁት ኦንላይን በየቦታው የሚሸጠውን የሎክ ፒኪንግ (መቆለፊያን ያለ ቁልፍ የመክፈት) የጀማሪ ኪት ነው፣ 24 ዶላር። የሻጩን ስም አልጽፍም፣ ያው አንድ ዓይነት ዕቃ በሃያ ስም ነው የሚሸጠው፣ ፎቶውን ስታዩ ታውቁታላችሁ። ጥቁር የውሸት ሌዘር ቦርሳ፣ ውስጡ 12 ፒክ (ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚነካካው ቀጭን ብረት) እና 5 መወጠሪያ (ቴንሽን ሬንች የሚባለው፣ እኔ መወጠሪያ ነው የምለው)፣ አንድ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ጓጉንቸር ከ2 ቁልፍ ጋር፣ እና "ስጦታ" ብለው የጨመሩት ክሬዲት ካርድ የሚመስል ነገር። ካርዷን ከከፈትኳት ቀን ጀምሮ አልነካኋትም።

ለምን ገዛኸው ካላችሁ፣ እኔ ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ የማታ ሺፍት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሚገባ የሚወጣ መኪና የለም ምንም የለም፣ ዩቲዩብ ብቻ። እና አንድ ቀን ሎክፒኪንግ ሎየር የሚባለው ሰውዬ መጣልኝ። ፊቱን አያሳይም፣ እጁ ብቻ ነው የሚታየው፣ ረጋ ባለ ድምፅ እያወራ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጓጉንቸሩን ከፍቶ ቪዲዮው ያልቃል። አንዱን ሳይ ሌላው እየመጣ ሺፍቴ አለቀ። እኔም እንደዛ የምሆን መስሎኝ እዛው ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ አዘዝኩ። ሰውዬው ስንት ዓመት እንደለፋበት ማን ያስባል በሌሊት።

አሰራሩን ቶሎ ልንገራችሁና ወደ ዕቃው ልመለስ። ተራ ሎክ ውስጥ መሀል ላይ የምትዞር ሲሊንደር አለች፣ ቁልፍ የሚገባባት እሷ ናት። ከላይ ወደሷ የሚወርዱ ፒኖች (ትንንሽ የብረት ዘንጎች) አሉ፣ ብዙ ጊዜ አምስት፣ እያንዳንዷ ፒን ለሁለት የተቆረጠች ናት፣ ታችኛውና ላይኛው፣ ከበላይዋ ደሞ ትንሽ ሞላ ወደታች ይጫናታል። ላይኛው ፒን ግማሹ ሲሊንደሯ ውስጥ ግማሹ ውጪ ስለሆነ እንዳትዞር ቀርቅሮ ይይዛታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሱ እያንዳንዷን ፒን ልክ በቁመቷ ያነሳታል፣ የተቆረጡበት ቦታ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ይገጥማል፣ ሲሊንደሯ ትዞራለች። ሀሳቡ የጥንት ነው፣ ግብፆች በእንጨት ሰርተውታል፣ ዛሬ በየበራችን ያለውን ጠፍጣፋ ቁልፍ ያመጣው ደሞ ሊነስ ዬል ትንሹ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1860ዎቹ፣ አባቱ በጀመረው ሥራ ላይ ተነስቶ። ስሙን እስካሁን በር ላይ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ያለ ቁልፍ ለምን ይከፈታል? ፋብሪካ ፍጹም ስላልሆነ ነው፣ በቃ። አምስቱ ቀዳዳዎች አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ነን ይላሉ እንጂ አይደሉም፣ በፀጉር ስፋት ይዛነፋሉ። ሲሊንደሯን በመወጠሪያው ትንሽ ስታዞራት አምስቱም ፒኖች እኩል አይጠበቁም፣ አንዷ ቀድማ ትያዛለች። እሷን ፈልገህ በፒኩ ታነሳታለህ፣ መስመሩ ላይ ስትደርስ ጠቅ ትላለች፣ ሲሊንደሯ ቅንጣት ትዞርና ቀጣይዋ ትያዛለች። እንዲህ እያልክ እስከ መጨረሻዋ። ዕውቀቱ ይሄው ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይገባሃል፣ እጅህ እስኪገባው ግን ወር ይፈጃል።

አሁን ወደ ኪቱ። ከፕላስቲኩ ጓጉንቸር ልጀምር ምክንያቱም ሰው ሁሉ በሱ ተታሎ ነው የሚገዛው፣ እኔም ጭምር። ውስጡ ስለሚታይ ለመማር አሪፍ ይመስላል አይደል? ችግሩ እሱ ላይ ነው። ፒኖቹን በዓይንህ እያየህ ነው የምታነሳቸው፣ ይሄኛው ገና ነው፣ ያኛው ደርሷል እያልክ። ጣትህ ምንም አይማርም። ደሞ ቀዳዳዎቹ ልቅ ናቸው፣ ፒኖቹ ይንቀዋለላሉ፣ ሬክ የምትባለዋን እባብ የምትመስል ፒክ አስገብተህ ወደፊት ወደኋላ ብታፈጋት በራሱ ጊዜ ይከፈታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን 2 ደቂቃ ውስጥ ከፈትኩት፣ ደስ ብሎኝ ቪዲዮ ቀርጬ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ "ከንግዲህ በራችሁን ጠብቁ" ብዬ። አቤት ጉራ።

በነጋታው ሃርድዌር ሱቅ ሄጄ ማስተር ሎክ ቁጥር 3 የሚባለውን ጓጉንቸር ገዛሁ፣ ያ ላሜራ በላሜራ ተደራርቦ የተሰራው፣ ሁሉም ጀማሪ የሚጀምርበት፣ 4 ፒን ብቻ ነው ያለው፣ ማታለያ ፒንም የለውም። አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ አልተከፈተልኝም። ውስጡ አይታይማ! ዓይኔ ስራ ፈታ፣ ጣቴ ደሞ ገና ምንም አያውቅም። ሰው የሚያጽናና ነገር ሲፈልግ ምን አያነብ፣ በ1851 ለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን ጊዜ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ብራማ የተባለውን ሎክ ሊከፍት ተነሳ፣ ያ ሎክ ከ1790 ጀምሮ የከፈተኝ 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ይሸለማል ተብሎ ሱቅ መስኮት ላይ የተቀመጠ ነው፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ማንም አልከፈተውም፣ ሆብስ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ለፍቶበት ነው የከፈተው። ቻብ የሚባለውን ሌላ ታዋቂ ሎክ ግን በ25 ደቂቃ ጨርሶታል። እና እኔ በአራት ቀን ለምን አፍራለሁ? (የኔው ጓጉንቸር ከነሱ ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ፣ ተዉኝ።)

ጥፋቴ የት እንደነበር ልንገራችሁ፣ መወጠሪያው ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ፒኩን ነው የሚያስበው፣ ሥራው ግን ያለው መወጠሪያው ላይ ነው። እኔ አውራ ጣቴ እስኪቀላ ነበር የምጫነው። ያን ያህል ስትጫን ፒኖቹ ሁሉ ይነክሳሉ፣ የትኛዋ ቀድማ እንደተያዘች አታውቅም፣ ስታነሳም አትንቀሳቀስም ወይ ደሞ በጉልበት አልፋ ትሄዳለች። ምን ያህል ይጫን ለሚል ሰው እንዲህ ነው የምለው፣ ቡና ስትቀዱ ጀበናውን የምታዘነብሉትን ያህል። ትንሽ ካበዛችሁ አተላው አብሮ ይመጣል፣ ካሳነሳችሁ ምንም አይወርድም። እጃችሁ ይሄን ያውቀዋል፣ ከቡና ነው የተማረው።

አምስተኛው ቀን ሌሊት ከስራ ገብቼ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጓጉንቸሩን በግራ እጄ ይዤ፣ መወጠሪያውን በጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጌ፣ አጭሯን ሁክ (ጫፏ ቆልመም ያለችውን ፒክ) እስከ ጥግ አስገባሁና አንድ በአንድ ወደራሴ እያመጣሁ ነካካሁ። አራተኛዋ ሞላዋ ብቻ ይሰማል፣ ስፖንጅ እንደመጫን። ሶስተኛዋ ድንጋይ። እሷ ናት። ቀስ ብዬ ቀና አደረግኋት፣ ጠቅ፣ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ጥፍር ላይ ነው የሚሰማው። መወጠሪያው ቅንጣት ታህል ዘለቀ። አንደኛዋ ድንጋይ ሆነች፣ ጠቅ። ከዛ አራተኛዋ። ሁለተኛዋን ስነካ እጄ ላብ በላብ ነበር፣ ሳላስበው የጓጉንቸሩ ቀለበት በሞላው ኃይል ብድግ ብሎ ወጣ። ልቤ ነው የዘለለው። ከፕላስቲኩ ላይ ያገኘሁት ደስታ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ውሸት ነበር።

እናቴ በዛ ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ድምፁን ሰምታ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

"አንተ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ምን ትጎረጉራለህ?"

"ጓጉንቸር ከፈትኩ እማዬ፣ ያለ ቁልፍ! ሆቢ ነው።"

"እኔ እማውቀው ይሄንን የሚያደርገው ቤት ሰርሳሪ ነው። ልጄ አሜሪካ ደህና ይሰራል ብዬ ለጎረቤት አውርቼ!"

ወደ ኪቱ ዕቃዎች ልመለስ። ከ12ቱ ፒኮች የሚረባው አጭሯ ሁክ ናት፣ እና አልፎ አልፎ እባቧ ሬክ። ሌሎቹ፣ ኳስ የሚመስለው፣ ሁለት ኳስ የሚመስለው፣ ግማሽ አልማዙ ትልቁና ትንሹ፣ ቁጥር ለመሙላት ነው የገቡት። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሎክ ውስጥ ሲገባ ፒኑን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የምትታገለው። ጠርዙ ደሞ ከፋብሪካ እንደተቆረጠ ነው የመጣው፣ አልተሞረደም፣ አልተወለወለም፣ ፒኖቹ ላይ ሲያልፍ ይቧጥጣል፣ ያ መቧጠጥ ጣትህ መስማት ያለበትን ጠቅታ ይደብቅብሃል። እኔ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ መጀመሪያ 400 ከዛ 600 ቁጥር እያልኩ ሁኳን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳሻት ሌላ ዕቃ ሆነች። 24 ዶላር የተከፈለበት ዕቃ ላይ ብርጭቆ ወረቀት መጨመር ነበረብኝ ወይ? አልነበረብኝም።

መወጠሪያዎቹ አምስቱም ከታች የሚገቡ የኤል ቅርፅ ናቸው። ይሄ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ከታች ስታስገባ ለፒኩ የሚቀረውን ቦታ ትበላበታለህ። ከላይ የሚገባ ጠፍጣፋ መወጠሪያ አለ፣ ቀዳዳውን ባዶ ይተውልሃል፣ ሲሰማህም ጥርት ብሎ ነው የሚሰማህ፣ ኪቱ ውስጥ ግን አንድም የለም። እኔ በነፃ ነው ያገኘሁት። ጋራዥ ውስጥ ሰው አሮጌ ዋይፐር ቀይሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥላል፣ ብዙዎቹ ጎማው ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ብረት አላቸው፣ አውጥቼ ቆርጬ ጫፉን በፒንሳ አጠፍኩት፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካከልኩ፣ አለቀ። ከኪቱ አምስት መወጠሪያ ይሄ ይበልጣል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ 3 ያልኩት (ሁኳ፣ ሬኳና አንዱ መወጠሪያ) እስከዛ ቀን ድረስ ነው፣ አሁን 2 ነው የምጠቀመው።

አሁን ዋናውን ጥፋቴን ልናዘዝ። የዚህ ሆቢ ሰዎች ሁለት ሕግ አላቸው፣ ያንተ ያልሆነውን አትንካ፣ ያንተም ቢሆን የምትገለገልበትን አትንካ። የመጀመሪያው ይገባኛል፣ ሁለተኛዋን "የሚፈሩ ሰዎች ያወጧት" አልኩና የራሴን አፓርትመንት በር ሎክ ልሞክር ተነሳሁ። ረጅሟን ሁክ አስገብቼ ጠምዘዝ ሳደርጋት ጫፏ ቀጭ ብላ ውስጥ ቀረች። ኪቱ ውስጥ የተሰበረ ቁልፍ ማውጫ የሚባል መንጠቆ አለ፣ ደስ ብሎኝ አወጣሁት፣ እሱም ከመወፈሩ የተነሳ ከስባሪው አጠገብ አይገባም! ቁልፌ አይገባም፣ እናቴ ከውስጥ "ምን ሆንክ?" ትላለች፣ በሩ ከውስጥ ስለሚከፈት እግዜር ይስጠው። ሎኩ እስኪቀየር ሁለት ቀን አንዳችን ቤት መቀመጥ ነበረብን፣ አፓርትመንቱም 85 ዶላር አስከፈለኝ። ደሞ አስቡት፣ የተከራየሁት ቤት በር የኔ እንኳን አይደለም፣ ሁለቱንም ሕግ በአንድ ጊዜ ነው የጣስኩት።

የሻንጣውን ሳልነግራችሁ። እናቴ ልትመለስ ስትል የአንዱ ሻንጣ ትንሿ ጓጉንቸር ቁልፏ ጠፋ። ቀኔ ደረሰ አልኩ፣ ቦርሳዬን ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ከ12ቱ ፒክ አንዱም በቀዳዳዋ አይገባም። አንዱም! እናቴ ትንሽ ታገሰችኝና "ፒንሳ የለህም?" አለች። አመጣሁላት፣ ቀለበቷን ያዝ አድርጋ ቆረጠቻት።

ይልቅ እሷ ስትመጣ ከመርካቶ እንድታመጣልኝ የለመንኳት ጓጉንቸር ነው የጠቀመኝ። ("አሜሪካ ጓጉንቸር ጠፋ እንዴ?" ብላኝ ነበር በስልክ።) የቻይና ናት፣ ከበድ ያለች፣ እቤት ግቢው በር ላይ እንደነበረችው ዓይነት። ከማስተሩ ለየት የሚያደርጋት የፒኖቹ ቁመት ነው፣ አንዷ በጣም ረጅም ከጎኗ ያለችው በጣም አጭር፣ አጭሯን ለማንሳት ሁኩን በረጅሟ ስር አሾልከህ ማለፍ አለብህ፣ አለበለዚያ ረጅሟን ከመስመሩ በላይ ትሰቅላታለህ። ከሰቀልካት አለቀ፣ መወጠሪያውን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ፒኖቹ ጠብ ጠብ ብለው ሲወርዱ ትሰማለህ፣ እንደገና ጀምር። ስንት ጊዜ ከዜሮ እንደጀመርኩ አልቆጠርኩም። የፕላስቲኩ አንድ ቀን እንኳን ይሄን አላስተማረኝም።

ለመጀመር ለምታስቡ የኔ ምክር፣ ባለ 17ም ባለ 30ም ኪት አትግዙ። አንድ አጭር ሁክ፣ አንድ ሬክ፣ ከላይ የሚገባ ሁለት መወጠሪያ፣ ይሄው ነው። ለዚህ ስፖርት ብለው የሚሰሩ ቤቶች አሉ፣ የካናዳው ስፓሮውስ፣ የጀርመኑ መልቲፒክ፣ እዚህ አሜሪካ ኮቨርት ኢንስትሩመንትስ፣ ፒክ በነጠላም ትገዛላችሁ፣ አንዱ ጥሩ ፒክ ከአስራ ሁለቱ ቆርቆሮ ይሻላል። የተረፈውን ብር ጓጉንቸር ላይ አውጡት። ከማስተር 3 በኋላ ማስተር 140፣ ናሱ፣ ስፑል ፒን ስላለው። ስፑል ማለት ወገቡ እንደ ክር ማጠንጠኛ የቀጠነ ፒን ነው፣ ሲሊንደሯ ዞር ትልና ተከፈተ ብለህ ስትደሰት እዛው ትቆማለች፣ ውሸቷን ነው። እዚህ ጋ መወጠሪያውን ላላ ካላደረግክ ጉልበት አይረዳህም፣ ላላ ስታደርግ ሲሊንደሯ ወደኋላ ስትመለስ ይሰማሃል፣ ያኔ ፒኗ ታልፋለች። እሱን ከለመዳችሁ አሜሪካን ሎክ 1100 አለ፣ አሉሚኒየሙ፣ ጥርስ ጥርስ ያወጡ ፒኖች አሉት፣ እያንዳንዷ ጠቅታ እውነት ትመስላለች። እኔ እሱን ከፍቼ አላውቅም እስካሁን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ሌላ አማራጭ ከሃርድዌር ሱቅ ተራ የበር ሎክ ገዝታችሁ ሲሊንደሩን ፈታችሁ ፒኖቹን ማውጣት፣ ሁለት ፒን ብቻ ትታችሁ መጀመር፣ ከዛ ሶስት፣ አራት እያላችሁ መጨመር። ይሄ ከሚያሳየው ፕላስቲክ መቶ እጥፍ ይሻላል። ግን ስትፈቱ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ የኔዋ ሞላ ተስፈንጥራ ሶፋ ስር ገብታ እስካሁን አልተገኘችም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የኛ ሰው ግማሹ ሜሪላንድ ግማሹ ቨርጂኒያ ስለሆነ ይሄን አንብቡት። ሜሪላንድም ዲሲም ላይ ፒክ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ለስርቆት ልትጠቀምበት አስበህ ነበር የሚለው መረጋገጥ አለበት። ቨርጂኒያ ግን ለየት ይላል፣ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ካልሆንክ ዕቃው እጅህ ላይ መገኘቱ ራሱ ለክፉ እንዳሰብክ መነሻ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል፣ አይደለም የሚለውን ማስረዳት ያንተ ፈንታ ይሆናል። ድልድዩን ስትሻገሩ መኪና ውስጥ አትርሱት። እኔ ሕጉ በሚፈቅድበት ዲሲም ቢሆን ስራ ይዤ አልሄድም፣ አንድ ጥቁር ሰውዬ በሌሊት ሁለት መቶ መኪና በቆመበት ጋራዥ ውስጥ የቁልፍ መክፈቻ ቦርሳ ይዞ ቢገኝ "ሆቢ ነው" ማለቱ የት ያደርሰዋል። አገር ቤት ይዛችሁ ልትሄዱ የምታስቡ ካላችሁም፣ ቦሌ ፍተሻ ላይ ስታስረዱ ይታየኝ።

ለኪቱ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ። አንዱ ለአጭሯ ሁክ፣ አንዱ ለቦርሳው፣ ቦርሳው እውነት ለመናገር ደህና ነው፣ አሁን የዋይፐር መወጠሪያዎቼን እይዝበታለሁ። የሚያሳየውን ጓጉንቸር አሌክሳንድሪያ ላለው ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፣ 7 ዓመቱ ነው። ቨርጂኒያ ስለሆኑ ፒክ አልሰጠሁትም፣ ሁለቱን ቁልፎች ብቻ። ቁልፉን ያስገባል፣ ፒኖቹ ከፍ ዝቅ ብለው መስመር ላይ ሲሰለፉ ያያል፣ ያወጣል፣ ሲወርዱ ያያል፣ እንደገና ያስገባል። እህቴ ደውላ "ከሰጠኸው ጀምሮ ቲቪ ከፍቶ አያውቅም" አለችኝ።